የሱቅ መስኮት ሕመም

ሰውየው ይቆማል።
በፖላንዷ ውች፣ ትራሙ ሲያራግፈው፣
ሁለት መቶ እርምጃ ቆጥሮ እንደጨረሰው፣
ከሱቅ መስታወት ፊት አንገቱን ሰብሮ
ዋጋ እንደሚያነብ ሰው ዓይኑን አጨንቁሮ።
አንዴ ባርኔጣ ቤት፣ ቀጥሎ ጫማ ቤት፣
ከዚያም የሙሽራ ልብስ ከሚሸጥበት።
«ለሽማግሌ ምኑ ነው ነጭ ቬሎ ማየቱ?»
ሲሉ ተጠቃቀሱ ሻጮቹ ሁለቱ።

ወሬው ዞሮ ዞሮ ጄኖቬፋ ጋ ገባ፤
አርባ ስድስት ዓመት በትዳር ኖራ ሆዷ ዛሬ ባባ።
ጠይቂው ቢሏትም አልጠየቀችውም።
መልስ ትፈራለች።

ቴኦፊልም ዝም።
የትራም ሹፌር ነበር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣
ለወጪ ለወራጅ የሚቆም በሰዓት፤
ምን ብሎ ይናገር፣
ባቱ ውስጥ የበቀለ ስም የለሽ ፌርማታ
«ቁም!» እንደሚለው ሳይወድ በየቦታ?
እንደ እርጥብ ጨርቅ ጠምዝዞ ይይዘዋል፤
ሁለት ደቂቃ ሲቆም፣ ይቅር ይለዋል።
ከዚያ ደግሞ ሁለት መቶ።

እኔ የማውቀው ከዚህ ወዲያ ነው።
ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣
ሥራዬ ቀዝቃዛ ጄል ነው፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚቀባ፣
ሥራዬ ጆሮ መስጠት ነው፣ ለደም፣ ሲወጣ ሲገባ።
ጤነኛ ደም በአንድ ምት ሦስት ጊዜ ይናገራል።
የሱ አንዴ ብቻ እፍ አለ፣
ሻማ እንደሚያጠፋ።
የክንዱን ግፊት ለካሁ፦ መቶ አርባ።
የቁርጭምጭሚቱን ለካሁ፦ ሰባ።
ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ደም ቅዳ ብለው ሰየሙት፤ ትእዛዝ ነው ለሰማው፤
ቅዳ! ባት ተጠማ፣ ቅዳ! ጣት በረደው።
ቀጂውን ማን ጠየቀው፣ ጉሮሮው ሲጠብበት
በሲጋራ ጭስ፣ በስብ፣ በዘመን ዝገት?
እኔም እቀዳለሁ፣ ከማሽን ወደ መዝገብ፣
የሰው እግር ሲደርቅ በቁጥር ሲነበብ።

ጥናቱ በእጣ ነበር፤ መቶ ሃያ የታሸገ ፖስታ።
ለግማሹ፦ በሳምንት ሦስት ቀን በመራመጃው ማሽን ላይ
ሕመም እስኪይዝ መሄድ፣ መቆም፣ ደግሞ መሄድ።
ለግማሹ፦ ክኒን፣ ምክር፣ የታተመ ወረቀት።
ቴኦፊል ፖስታውን ሲቀድ፣ መሄድ ወጣለት።
«ሕመሜን ይዤ?» አለ።
«ይዘው» አለች ዶክተር ማልቪና፤
«ዋናው መንገድ ሲዘጋ፣ ደም በጓሮ በኩል
መውጫ ይፈልጋል ብለን እንጠረጥራለን፤
እርግጠኛ ብንሆን አንለካም ነበር።»

ወረቀቱ የወጣላት ልብስ ሰፊዋ ፌሊቺያ
በአራት አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው፣ አመስግና ሄደች።
በአምስተኛው ወር ቀረች።
አውራ ጣቷ ጠቁሮ ነበር፤ ከዚያ እግሯ ተቆረጠ።
በስሟ ትይዩ «አቋረጠች» ብዬ ጻፍኩ፣
ቅጹ ሌላ ቃል የለውም።
ሌሊት ግን ቃሉ ተነሥቶ እንቅልፌን ይሞግታል፦
እኛ ቆርጠን ሳለ፣
እሷ ናት ያቋረጠችው?

በስድስተኛው ሳምንት ጄኖቬፋ ተከተለችው።
ከኋላ ትራም ተሳፍራ፣ ሻርፕ ተከናንባ፣
ከኮሪደሩ ጥግ እስከ በራችን ገብታ፣
በበሩ መስታወት ፊቷን አስጠግታ
አየችው፤ ካናቴራው በላብ ርሶ፣
ጥርሱን ነክሶ፣
ሄዶ ሄዶ የትም የማይደርስ።
ቆመች። ትንፋሿ መስታወቱን አለበሰው።
ተራው የሷ ሆነ።
አላንኳኳችም። እኔም አልጠራኋት።

ከመቶ አርባ ሜትር ተነሥቶ አራት መቶ አሥር ደረሰ።
መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ መንገድ ላይ አየኋቸው፣
ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ አላየሁም ብዬ ተከተልኳቸው።
ባርኔጣ ቤቱን አለፈ። ጫማ ቤቱን አለፈ።
ሙሽራዋ መስኮት ጋ እሷ እጅጌውን ያዘችው።
«ምነው፣ እግርሽን ነው?»
«አይደለም። ልየው።»
እሱም ዞረ። መቶ ጊዜ የቆመበት መስኮት፣
መቶ ጊዜ ያላየው፤
ዝም ብሎ ቆየና፣
«ለካ» አለ፣ «ነጭ አይደለም፣
ወተት የነካው ቢጫ ነው።»