የጀልባዋ ሒሳብ

አርባ ሰባተኛው ፖስታ፣ ጥጉ ርሶ፣ ወይቦ፣
የባሕር ጨው ነጭ መስመር ዙሪያውን ከቦ፣
ጠረጴዛዬ ላይ ወደቀ። አመልካቹ አምሳ፣
ገንዘቡ ለአራት ሰው ብቻ፣ የቀረው ይረሳ።
ሳንቲያጎ ሙቀት ነው፤ ማራገቢያው ይጮሃል፣
ማኅተሜ ደረቅ ነው፣ ‹አልተሟላም› ማለት ያውቃል።

ላኪዋ ሩቤሊንዳ፣ ከቺሎዌ ደሴቶች፣
በረጅም የእንጨት እግር ውኃ ላይ ከቆሙ ቤቶች።
የሥራ ልምድ በሚለው፦ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣
የምስክር ወረቀት በሚለው፦ አጭር ሰረዝ አለችበት።
ባለዲግሪ መምህራን ከከተማ ይላካሉ፣
የአንድ ክረምት ዝናብ አይተው ሻንጣ ያነሣሉ፤
ሦስት መጡ፣ ሦስት ሄዱ። እሷ ግን ረዳት ናት፣
እዚያው መቅረት ሙያ ተብሎ አልተመዘገበላት።

እናቶች ሳልሞን ፋብሪካ በጨለማ ይገባሉ፣
ልጆች እንቅልፍ በዓይናቸው እሷ እጅ ይወድቃሉ፤
ጫማ ትፈታለች፣ ታስራለች፣ ካልሲ በምድጃ ታደርቃለች፣
ማን እንዳተኮሰው ያለ ቴርሞሜትር በመዳፏ ታውቃለች።

‹የሥልጠናውን ፋይዳ በቁጥር ይግለጹ› ይላል ቅጹ።
ሃያ ሦስት ብላ ጽፋለች። ሰርዛዋለች።
ሃያ አራት። ከጎኑ በደቃቅ ጽሕፈት፦ ‹እኔም አለሁ።›

‹ሥልጠናው ለምን አስፈለገዎት? ከሦስት መስመር አይብለጥ።›
በልጧል። ኅዳጉን አልፎ፣ ታጥፎ፣ ወደ ላይ ወጥቷል፦

«ኔልቶን የሚባል ልጅ አለ። አራት ዓመቱ ነው፣ አይናገርም።
አቀፍኩት። ዘፈንኩለት። ዝምም አልኩለት።
ከዚህ በኋላ የማውቀው አልቀረኝም።
ሰው ሁሉ ደግ ነሽ ይለኛል።
ጥርስ ነቃዩ ደግ ስለሆነ ብቻ
አፋችሁን ትከፍቱለታላችሁ?»

ብቻዬን ሳቅሁ። ጎረቤት ወንበር ያለችው ዞር ብላ አየችኝ።

ወደ በጀቱ አለፍኩ። የትምህርት ክፍያ፣ ልክ ነው።
መጻሕፍት፣ ደብተር፣ ልክ ነው።
የጀልባ ትኬት፣ አርባ ቅዳሜ፣ ደርሶ መልስ።
እስክሪብቶዬ እዚህ ቆመ።
አንቀጽ ዘጠኝ፦ ‹መጓጓዣ አይሸፈንም› ባይ ነው፣
ኮሌጁ ማዶ ነው፤ መሐሉ ባሕር ነው፤
አንቀጹን ያረቀቀው ሰው ቤቱ ከባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ነው መሰለኝ።
እዚህ ቢሮ ዐሥራ አንድ ዓመት ተቀመጥኩ፣
ስንቱን ጀልባ፣ ስንቱን አህያ፣ ስንቱን የእግር መንገድ
በአንድ መስመር ሰርዤ ይሆን?

ከመጨረሻው ገጽ ጀርባ ሥዕል ተያይዟል፦
ሰማያዊ ጀልባ፣ ሰባት መስኮት፣
ከጭስ ማውጫዋ በላይ ሦስት ትልልቅ ክብ።
ከሥሩ የሷ ጽሕፈት፦

«ኔልቶን ነው የሣላት። ስትነሣ ሦስት ጊዜ ትጮሃለች፣
እሱም ከመስኮቱ ሥር ሦስት ጣት ያነሣል።
ቁጥር ያስተማረችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም።»

ማኅተሙን ወደ መሳቢያው መለስኩ።
‹መጓጓዣ› ከሚለው ረድፍ ሒሳቡን አነሣሁና
‹የማስተማሪያ መሣሪያ› ከሚለው ሥር ጻፍኩ፦
ጀልባ፣ አንድ። ለአርባ ቅዳሜ።

ኦዲተሩ ዶን ኤሊሴዎ በቀይ የጥያቄ ምልክት መለሰው።
እኔም ሥዕሉን በስፒል ከፊቱ አያይዤ
እንደገና ላክሁለት፤ ሌላ ማስረጃ የለኝም።

እስካሁን መልስ የለም። በሩ ዝግ ነው፣
ከውስጥ ወንበር ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል።
ዛሬ ዓርብ ነው።
ነገ ሲነጋ፣ እዚያ ታች፣ ዝናብ ውስጥ፣
ሦስት ጊዜ ትጮሃለች።