በጆሮ የሚቀመስ

ቤታችን ራትላም ነው፣ ከሀዲዱ ጥግ፤
የሙምባዩ ባቡር ሲያልፍ
ሳህኑ ጥርሱን ያፋጫል፣ ክዳኑ ብድግ ብድግ።

አማቴ ጌንዳባይ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
ዓይኗ ከደመነ ቆየ፣ ጥርሷም አለቀ ከነፍንጭቷ፤
ጆሮዋ ግን ያው ነው፤ ሁለት ቤት ተሻግሮ ማንኪያ ሲወድቅ፣
ናስ ይሁን ብረት ከድምፁ የምታውቅ።

"ዲዋሊ ደረሰ፤ ሴቭ እንጥበስ" አለችኝ፣
"የሱቁን አልበላም።"
(በየትኛው ጥርሷ? አላልኩም፤ እሺ አልኩኝ።)

ሦስት ኩባያ የሽምብራ ዱቄት፣ ሁለት ጊዜ ነፋሁት፣
ቁንዶ በርበሬውን ከቅርንፉዱ ጋር ወቀጥሁት፤
ነጭ አዝሙድ በመዳፌ አሸሁ፤ ሂንግ የሚሉት የሚከረፋ ሙጫ፣
ጨው፣ ትኩስ ዘይት፣ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ፤ ሊጡ ሆነ ቢጫ።
"ልስላሴው እንደ ጆሮ ጫፍ ይሁን፤
የራስሽን ንኪና አስተያዪው።"
ነካሁ፣ በሊጥ ጣቴ። ጉትቻዬ ተለቀለቀ፤
ሳቋ ከወዲያ መጣ። ማን ነገራት? ማን አወቀ?

መጭመቂያው የናስ ነው፣ ሙሽራ ሆና ይዛው የመጣች፣
ክዳኑ ላይ ስሟን በሚስማር ያስቀረጸች፤
አንዱ ፊደል ጠፍቷል ከእጅ ብዛት፤
እኔም ስጠመዝዘው የምይዘው እዚያው ነው፣ በጠፋበት።

ዘይቱ ጋለ ብዬ መጭመቂያውን ሳነሣ
"ገና ነው!" አለች፣ ካልጋዋ ሳትነሣ፤
"ዝም ያለ ዘይት አታምኚ፤ ቅንጣት ሊጥ ጣይበት፤
መጀመሪያ ይናገር፤ ያኔ ሥራሽን ሥሪበት።"
ጣልኩ፤ ሰጠመች። ዝም።
ቆይቼ ሌላ ጣልኩ፤
ቸስ!
"አሁን" አለች፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

ጠመዘዝኩ። ቢጫው ክር ተፈተለ፣ ወረደ፣
ዘይቱ ላይ ተጠቅልሎ ክብ እየሠራ ነጎደ፤
ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዶፍ ተንጫጫ፣ ተንጣጣ፣
ፍንጣሪው ክንዴን መታኝ፣ ዓይኔ እንባ አወጣ፤
ድምፁ ሲሳሳ "ገልብጪ"፣ ሊጠፋ ሲል "አውጪው" አለች፤
ዓይን ያለኝ እኔ ነኝ፤ መንገዱን እሷ መራች።

ልጄ ቱሻር አንድ ክር ነጥቆ ሊሮጥ ሲል
"ና ወዲህ፤ ጆሮዬ ሥር ቆርጥመው፣ ድምፁ ምን ይላል?"
ቆረጠመ።
ራሷን ነቀነቀች።
"ውሸታም ነው" አለች፤
"ውጪው ደረቅ፣ ውስጡ እርጥብ፤ እሳቱን አጣድፈሻል።"
ተናደድኩ። ጀርባዬ ርሷል፣ ትከሻዬ ዝሏል፤
የማይበላ ሰው ይፈርድብኛል አልኩ በሆዴ፤
እሳቱን ግን ቀነስኩ።
(ሆዴንም ሰማችው እንዴ?)

ሁለተኛው ወጣ፣ ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የሚቀል።
ቱሻር አጠገቧ ተንበረከከ፤
ክሩን በጥርሶቹ መሐል እንደያዘ
ሀዲዱ አቃሰተ።
እጇን አነሣች፦ ቆይ።

ሳህኑ ጥርሱን አፋጨ፤ ክዳኑ ዘለለ።
ሃያ ሁለት ፉርጎ፤ ቆጠርኳቸው።
ልጁ አፉ ምራቅ ሞልቶ፣ ሳይነክስ ጠበቀ፤
የመጨረሻው ፉርጎ ፉጨቱን ይዞ ራቀ።
ሳህኖቹ ተረጋጉ፤ ቤቱ ትንፋሹን ዋጠ።
እጇን አወረደች።

ቀጭ።

ከዚያ ኩርሽም፣ ኩርሽምሽም፤
ባዶ ድዷ አብሮት አላመጠ፤
የማያየው ዓይኗን ጨፈነች፣ ብርሃን እንደወጋው ሰው።
"ተሳካ?" አልኩ።
አልቸኮለችም።
"ጨው አንሶታል" አለች።

ሳቅሁባት። ጨው በጆሮ!

በኋላ፣ ሁለቱም ሲተኙ፣
ከቆርቆሮው አንድ ክር ሰብሬ ቀመስኩ፤
እንዳለችው ነው።