የሁለት ሳንቲም ድምፅ

ኤይባር ከተማ፣ በሁለት ተራራ ጉንጭ መሃል፣
ሰኞ የጀመረ ዝናብ ቅዳሜም ይዘንባል።
የሳቱርኒኖ አያቶች ጠመንጃ ነበር ሥራቸው፤
ገበያው ሲሞት ግን አልሞተም እሳታቸው፤
ያንኑ የብረት ቱቦ፣ ያንኑ መዶሻና ሞረድ
ለብስክሌት አዋሉት—
ጥይት በወጣበት አፍ ሰው ወጣ ወደ መንገድ።

እሱም ይህን ወርሶ አርባ ዓመት በየደ፤
የጣቶቹ ጫፍ ስሜት ከእሳት ጋር ሄደ።
ዛሬ ትኩስ ብርጭቆ ይጨብጣል፣ አይሰማውም፤
ጆሮው ብቻ ነው የቀረው፣ እሱ አላረጀበትም።

የእህቱ ልጅ ኢዱርኔ በካርቦን ነው የምትምል፤
"ስምንት መቶ ግራም፣ አጎቴ! ካንተ አንድ እግር ጫማ የሚቀል!"
"ስንት ከፈልሽ?"
          "የአምስት ወር ደመወዝ።"
"ታዲያ የቀለለው ኪስሽ ነዋ!"

ጠባቸው እንደ ካቴና ነው፤ ዞሮ ዞሮ ከራሱ ይገጥማል።
"ብረት ሲታመም ይናገራል" ይላል፤
"ይጎብጣል፣ ያቃስታል፣ ቀለሙ ይሰነጠቃል፤
እሳት አሳይተሽ ብትመክሪው ይመለሳል።
ያንቺ ግን ክርና ሙጫ! የተጣፈ ካናቴራ!"
"ክር አይዝግም" ትላለች፤ "ደግሞም ስወጣ ተራራ
እግሬ የሰጠውን አይሰርቅም፤
ያንተ ጎታታ ግማሹን ሳይበላ አያደርስም።"

በመጋቢት አንድ እሑድ፣ ከአራቴ ቁልቁለት፣
እርጥብ ቅጠል፣ አንድ ኩርባ፣ የድንጋይ አጥር።
ተነሣች። ክርኗ ተልጧል።
ብስክሌቱ ግን ጭረት እንኳ የለበት፤
ቀለሙ ያበራል እንደ ሙሽራ ጥፍር።

"አየህ?" አለችው፣ እስከ ደጁ ነድታው መጥታ።
"ምንም አልሆነም።"
እሱ አልመለሰም።
ከሽርጡ ኪስ ሁለት ሳንቲም አወጣ፤
ዓይኑን ጨፈነ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣
ቱቦውን ከላይ እስከ ታች ማንኳኳት ጀመረ፣
ሌሊት እንደ ደረሰ እንግዳ፣ ቀስ እያለ።

ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ።
ጥርት ያለ፣ እንደ ደረቅ አጥንት።
ጠቅ። ጠቅ።
ከመሪው አንገት አንድ ስንዝር ዝቅ ሲል ግን—
ዱብ።
እርጥብ ካርቶን የመታ ያህል።
መለስ ብሎ መታው። ዱብ።

"ውስጡ ተላቋል" አላት፤ "ክር ከክር ተፋቷል።
ሰው ፊት ይስቅልሻል፤
ቁልቁለት ላይ ይከዳሻል።"

ኢዱርኔ ዝም አለች። እሱ ግን ዝም ማለት አልቻለበትም፤
ከግድግዳው አወረደ የወጣትነቱን ብስክሌት፣
አረንጓዴ፣ በገዛ እጁ የበየደው፣ ሃያ ዓመት ያልተነዳበት።
"ብረት ማለት ይኸውልሽ! የልጅ ልጅ ይወርሰዋል!"

ሳንቲሙን ከእጁ ወሰደችበት።
ጠቅ አለ አንገቱ። ጠቅ አለ ወገቡ።
ከፔዳሉ ጀርባ፣ ከርሞ ውሃ በሚተኛበት፣
አንዴ መታ አደረገችው፤
ቀለሙ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰበረ፣
ሳንቲሙ እንደ ምጽዋት ሙዳይ ውስጡ ገብቶ ቀረ።
ቡናማ ዱቄት ጫማው ላይ ፈሰሰ።

ስንቱን የሰው ብስክሌት ያንኳኳ ጆሮ፣
የራሱን አንኳኩቶ አያውቅም ኖሮ።

ያን ሳምንት አልተከራከሩም።
እሷ የላቀውን ሞርዳ አዲስ ክር ጠቀለለች፣
ሙጫ ቀብታ አንድ ሌሊት ከምድጃው አጠገብ አሳደረች፤
እሱ ሙጫው ሸተተኝ እያለ ተራገመ፣
መብራቱን ግን ይዞላት ቆመ።
ከዚያ የራሱን ቀዳዳ በቆርቆሮ ደፍኖ በየደ።
ሳንቲሙን ማውጣት ረሳ፣
ወይም ረሳሁ አለ።

አሁን የኢዱርኔ ፍሬም ያልተቀባ ጥቁር መጣፊያ አለው፤
አርባ ግራም ጨምሯል፣ ለማንም አልተናገረችው።
ሳቱርኒኖ በድንጋይ ንጣፉ ጎዳና ሲመጣ ደግሞ
ከመታጠፊያው በፊት ይሰማል፣
ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ይንኳኳል፤
ጎረቤቱ "ብስክሌትህ ተበላሸ እንዴ?" ሲለው
"ዋጋው ነው" ይላል።