መቀርቀሪያው

ዕቁቡ ወጣልኝ፣ ታኅሣሥ ሲጋመስ፤
ፍሪጅ ይሻላል ወይ? ብዬ ሳመላልስ
ትዝ አለኝ አባባ፣ ከጓሮ በርሜል
በጣሳ እየቀዳ፣ "እፍ! እፍፍ!" ሲል።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ጅቡቲ ናዝሬት
(አዳማ አይላትም፣ አፉ ላይ ቀርታ ናት)
በትሬንታ ኳትሮ ሲያመላልስ ብረት፣
ገላውን የታጠበው ሚሌ ነው፣ አዋሽ ነው፣
ወይ ከመኪናው ጥላ ሥር፣ በአንዲት ጀሪካን።
"ሙቅ ውሃ ለሙሽራ!" ይል ነበር።

ገዛሁለት።
ማሞቂያውን ሙክታር ገጠመው፣ ቅዳሜ።
አባባ ቧንቧውን ከፍቶ፣ መዳፉን ዘርግቶ፣
እንፋሎቱን አይቶ፣
"ሶደሬ በእግሯ መጣችልኝ!" ብሎ ሳቀ።

እሑድ ማታ፣
ያ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ጭኖ ቆርቆሮ ሲመታ፣
ከሠርግ ገባ፣ በብርድ ደርቆ።
ቁርጥ በልቷል። ቢራም ቀምሷል፣ ሦስት ይሁን አራት።
የግፊት ኪኒኑን "ነገ" አለው፤
ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ
ገባ። ቀረቀረ።
ወግ ያለው ሰው ነዋ።

ውሃው ይፈሳል።
እኛ ዜና እናያለን።
ውሃው ይፈሳል።
"ዛሬስ ተሞሸረ!" አለች እናቴ፤ ሳቅን።
ውሃው ይፈሳል።
ለካ ገላ ላይ የሚወርድ ውሃና
ሰድር ላይ ብቻ የሚወርድ ውሃ ድምፁ ለየቅል ነው።
ይሄን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

በሩን በትከሻው የሰበረው ጎረቤታችን ሽኩር ነው፣
"ኢተፋ! ኢተፋ!" እያለ።
እንፋሎቱ ቀድሞ ወጣ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ዓይኔን ሳታይ ጠየቀችኝ፦
ዕድሜው? ግፊት ነበረበት? ጠጥቶ ነበር?
በልቶ ወዲያው ነው የገባው? ከብርድ መጥቶ?
ውሃው በጣም ይፋጃል? ስንት ደቂቃ ቆየ?
አዎ አልኩ። አዎ። አዎ። ዜናው እስኪያልቅ።
"ሙቀቱ የደም ሥርን ያላላል፤ ግፊት ድንገት ይወርዳል፤
ራስ ይዞራል፣ ልብም ትደክማለች።
አንዱ ለብቻው ብዙም አይጎዳ፣" አለች፣ "ሲገናኙ ነው።"

ሲገናኙ።
እንደ ዕቁብተኛ፣ ብርዱም ቢራውም ኪኒኑም
የአቅሙን አዋጥቶ፣
ዕጣው ለአባቴ ወጣ።
"ማሞቂያውን ማን ገዛው?" ግን አላለችም።
እሱን እስከዛሬ የጠየቀኝ የለም።

እናቴ መቀርቀሪያውን ነቀለችው፣
በቢላ ጫፍ፣ ብሎን በብሎን።
አሁን እኛ ቤት የሚታጠብ ሰው ዝም ማለት አይችልም፤
ወንድሜ ቦንሳ ያፏጫል፤
እሷ በሳሙና አረፋ መሃል ዳዊቷን ትደግማለች፤
እኔ ፉጨትም ዜማም የለኝም።
ለብ ካለው ውሃ ሥር ቆሜ
ነጠላ ጫማዋ ኮሪደሩ ላይ ሲጎተት እሰማለሁ፣
በሩ አጠገብ ሲቆም።
"አለሁ፣ እማ።"
ትሄዳለች።
ተመልሳ ታንኳኳለች።