የግራው ሳጥን

ኢሽቤል የሟች ባሏን ሞተር ስትሸጥልኝ፣
«ዳገት ላይ ያስላል፣ እንዳትቆጪው» አለችኝ።
ወይን ጠጅ ቀለሙ፣ ሰፊ የፊት መስታወት፣
ጠባዩ የበቅሎ፣ ጭነት የለመደበት።
ከሁለቱ ሳጥን የግራው እምቢ አለ፤
ተውኩት፤ ለብቸኛ ተጓዥ አንዱ ምን ጎደለ።

ከኦባን ወደ ሰሜን፣ ሃያ አራት ሳይሞላኝ፣
ዝናብ በአንገቴ ገብቶ በጫማዬ እየወጣኝ፣
ጓንቴን በሞተሩ ትኩሳት እያደረቅሁ
መንገዱን የዘጉ በጎችን ጠበቅሁ፤
የቸኮልኩበትን እዚያው ቆሜ ረሳሁ።

አፕልክሮስ ዳገት ላይ እንደተባለው ሳለ።
«አይዞህ» አልኩት፤ ሰማኝ። ጭስ ተፍቶ ቀጠለ።
ከጫፉ ላይ ባሕር፣ ደሴቶች፣ ነፋስ።
ብቻዬን ሳቅሁ፣
የራስ ቁሬ በትንፋሼ እስኪደፈን ድረስ።

በሰባተኛው ዓመት ልሸጥ ስወለውለው
የግራው ተከፈተ፣ ማንም ምንም ሳይለው።
የሴት የሱፍ ጓንት፣ ከነሱቁ ወረቀት።
ይዤላት ሄድኩ። ሐምሌ ነው፣ የጠራ ሙቀት፤
ኢሽቤል አጠለቀችው።
ሻይ ስንጠጣም አላወለቀችው።

ከዚያ ወዲህ ስንቱን ነዳሁ፣ ሁሉም ጤነኛ ነው፤
ዳገት ላይ ግን ጆሮዬ
አሁንም ያን ሳል ነው የሚጠብቀው።