አልጋ አለ

ሰሌዳው ያው ነው፤ በፋብሪካው በር ላይ
«ሥራ የለም» ብዬ የጻፍኩበት በቀይ።
ሥራ አስኪያጁ አዝዞኝ፣ በውርጭ በማለዳ፣
ሳይከፍለኝ ነው የሄደ፤ ቀረ እንደ ዕዳ።

ከዚያማ መጋዙ ዝም አለ፣ በቃ።
የግንዱ መኪና እንደቆመ ዛገ፣ ተዋጠ በጭቃ፤
ጎረምሳው በሙሉ ለሰሊጥ ተሰደደ፣
የሠራተኛው ሰፈር ጎን ጎኑ ተናደ።
አንማው፣ ሁለት ጣቱን ለምላጩ ሰጥቶ፣
ድንች ሲሸጥ ከረመ፣ ጡረታው ተረስቶ።

የዝብነሽ ናት መጀመሪያ።
ባሏ ከመጋዙ ያመጣውን ጣውላ፣
ለሬሳዬ ሣጥን ብላ ያኖረችውን ከጓዳዋ ኋላ፣
አወጣችና ሦስት አልጋ አሠራች፤
«እኔ ከምተኛበት እንግዳ ይተኛበት» አለች።
ፍራሽ በዱቤ፣ ባና ከእህቷ ቤት፣
ከጓሮ ጉድጓድ አስቆፍራ አቆመች ሽንት ቤት።
አበደች አልን።
እኔም ብያለሁ፤ አልዋሽም።

አራት ሆነው መጡ፣ በጥቅምት፣ ያለወትሮው ዘንቦ፣
ጭቃው እስከ ጉልበት እንደ ገምባሌ ከቦ።
«ከዘንገና ሐይቅ በእግር ነው የመጣን፣
ጮቄ እስክንደርስ ገና ስንት ቀን አለን!»
እኛን ገረመን፤
ለገበያ፣ ለንግሥ፣ ለለቅሶ፣ ለፍርድ
እንጂ፣ ከፍሎ በእግሩ ማን አየ ሰው ሲሄድ?

ጠዋት አንማው መራቸው በቀርከሃው መሀል፣
በሬ ግንድ የጎተተበትን ቦይ ይዞ ቁልቁል።
አንዷ ልጅ «ፋብሪካው የት ነበር?» ስትል
ሦስት የቀረ ጣቱን ዘርግቶ፣ «ይኸው፣ ከዚህ ጎድሏል።»

ዛሬ ስድስት ቤት ነው መንገደኛ የሚያሳድር።
እንዳላማውም ፈረሱን ያከራያል ለደከመው፤
«ስትወርዱ ይቅርታ ጠይቁት» ይላል፣ ቀልድ አይደለም፣ የእውነቱን ነው።
ትልቁ ምላጭ ተሰቅሏል ከየዝብነሽ በር፤
ራት ሲደርስ በመዶሻ ሲመታ፣ ሲያስተጋባ፣
ሽማግሌው ብድግ ይላል፣ መስሎት ፈረቃ የገባ።
አንዳንዱ ይስቃል።
አንዳንዱ ጫማውን እንደያዘ ይቆያል።

ባለፈው ሰሌዳውን ተሸክማ መጣች፤
«ጀርባው ንጹሕ ነው፣ በዚያ ጻፍልኝ» አለች።
«አልጋ አለ»፣ በሰማያዊ፤ ግማሹን ከፈለች።
ሌላው ለጥር ነው፣ እንግዳ ከመጣ።

አሁን ነፋስ ሲነሣ ይዞራል በገመዱ፤
«አልጋ አለ»፣ «ሥራ የለም»፣ እንደየመንገዱ።