የሁለት ጣት አፍ

አርባ ዓመት ሸጥኩኝ የስኩዊድ ቋንጣ፣
ጁሙንጂን ወደብ ላይ፣ ጀልባ ሲገባና ጀልባ ሲወጣ።
ገዢ ተጠራጥሮ «አይጠነክርም ወይ?» ሲለኝ፣
አንዱን ክንድ በጥርሴ እገነጥላለሁ፤ ከዚያ ሌላ ማስታወቂያ የለኝ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ አውቶቡስ ስጠብቅ አዛጋሁና
ከጆሮዬ ሥር ቀጭ አለ፣ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ።
አፌ ተከፍቶ ቀረ። ሾፌሩ አየኝና
«እማማ፣ ትገቢያለሽ ወይስ ትዘፍኛለሽ?» አለኝ።

ዶክተር ፒዮ፣ ልጅ እግር፣ እጁ የሚቀዘቅዝ፣
ጣቱን አስገብቶ የአፌን ከፍታ ለካ።
«ሁለት ጣት» ብሎ ጻፈ። «ስድስት ሳምንት ማረፍ አለበት፤
የሚጎተት፣ የሚታኘክ፣ የሚሰበር ነገር ይቅርበት።
ማስቲካ አይሆንም። ኦቾሎኒ አይሆንም። ፖም ከሆነ ቀቅለሽ።
ስኩዊድማ...» አለና ቀና ብሎ አየኝ፤ «ምን ሥራ ነው ያለሽ?»

ከዚያ ወዲህ ምግብ የምመርጠው
ለልጇ ሙሽራ እንደምትመርጥ እናት ነው።
ገበያውን እዞራለሁ፣ ሁሉን በአውራ ጣቴ እጫናለሁ፤
እሺ ያለኝ ያልፋል፣ የታገለኝ ይቀራል።
ዱባ ይግባ፤ ከበሰለ በማንኪያ ጀርባ ይደፈጠጣል።
የባሕር ቅጠል ሾርባ ይግባ፣ ግን ይከተፍ፤ ረጅሙ ያታልላል።
በእንፋሎት የበሰለ እንቁላል፣ እንደ ትራስ ያበጠ፣
እሱም ይግባ።
የሩዝ አጥሚት፦ እሺ። የመጀመሪያውን ሳምንት እሺ።
በሁለተኛው ግን ማንኪያዬን ጠላሁት።

የጎረቤቴ የፒልንዮ ምሳ ሰዓት ነው የሚገድለኝ፤
የፍጅል ኪምቺ ትነክሳለች፣ ኮሽ፣ ኮሽ፣ ኮሽ።
የሰው ደስታ እንዲህ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር።

«ሌሊት ምን ትነክሻለሽ?» ብሎኝ ነበር ዶክተሩ፤
«ጥርሶችሽ ጫፋቸው አልቋል፣ ማታ ማታ ነው የሚሠሩ።»
ምንም፣ አልኩት።
ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፣ ሐዘን ላይም ይስቃል፤
መንጋጋ ግን ዘመድ ነው፣ ያልተነገረውን ያውቃል።

ዐሥራ አንድ ዓመት ጥርሴን ነክሼ የቻልኩት
የእናታችንን ቤት ነው። ታናሼ ማልሱን ሸጠችው፣
ሳትነግረኝ፣ ጓሮው ላይ ከተደረደሩት የሶስ ጋኖች ጋር፤
አንዱ ጋን ውስጥ ያኖርኩት ገና አልበሰለም ነበር።

ማልሱን ቾዳንግ ሰፈር ቶፉ ትሠራለች፤
በባሕር ውኃ የሚረጋ፣ ሳይጨመቅ የሚቀርብ፣
እርጎ ልትለው የምትችል።
በአገሩ ሁሉ ከሱ የለሰለሰ የለም።
ይህን ዶክተሩ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ።

አምስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ዝናብ፤
ለመንጋጋዬ ስል ነው ብዬ ተሳፈርኩ።
ለመንጋጋዬ። ለሌላ ለማንም አይደለም።

በሩን ስገፋ እንፋሎቱ መነጽሬን ሸፈነው፤
ማርጀቷን ያየሁት ስለዚህ ቆይቶ ነው።
ምንም አላለችም። እኔም አላልኩ።
ያበጠ ጉንጬን አየች፤
ያነሣችውን ትልቅ ማንኪያ መልሳ ሰቀለች፣
ከመሳቢያ የሕፃን ማንኪያ አወጣች።

አፌን ከፈትኩ። ሁለት ጣት። ምናልባት ሁለት ተኩል።
ቶፉው ገባ፤ ምንም አልጠየቀኝም፤ በራሱ ፈረሰ።
ዐሥራ አንድ ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣
ረጅም፣ ጅማታም፣ እንደ ቋንጣዬ የደረቀ፤
በሁለት ጣት አፍ አያልፍም።
«ትኩስ ነው» አልኩ።
«እፍ በይበት» አለችኝ።

ስወጣ ማሰሮ ሞልታ ሰጠችኝ፣ በፎጣ ጠቅልላ።
የቤቱ ነገር አልተነሣም። ይነሣ ይሆናል።
ማሰሮው ግን የእሷ ነው፣ ባዶ ዕቃ ደግሞ አይመለስም፤
እኔ ዘንድ ያለው ስኩዊድ ብቻ ነው።
ከሁሉ የጠነከረውን መርጬ እሞላላታለሁ፤
የእሷ ጥርስ እንደሆነ ገና ደህና ነው።